ማውንት አቡ፦ መቅደሱ፣ የመሳፍንቱ ሆቴልና የእናቴ ጉልበት

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ለሕክምናም ለትምህርትም ህንድ የሚመላለሱ ሐበሾች የሚጠያየቁበት መድረክ ላይ። እናቴ አህመዳባድ ጉልበቷን ታክማ ጨርሳለች። ቀዶ ጥገና አልነበረም፤ መርፌና ፊዚዮቴራፒ ነው። ሐኪሙ ግን ለመጨረሻ ምርመራ ሌላ ቀጠሮ ሰጠን። እስከዚያ የእንግዳ ማረፊያ ጣሪያ ላይ አፍጥጦ ከመዋል ወጣ ማለት አይሻልም? አስተርጓሚያችን ማውንት አቡን ጠቆመን። ራጃስታን ውስጥ ያለ ተራራ ነው፤ የጃይን (አንድ የህንድ ሃይማኖት ነው) ቤተ መቅደሶቹ ስመ ጥር ናቸው፣ የድሮ መሳፍንት ቤቶችም ሆቴል ሆነዋል አለን።

እኔም ሦስት ነገር ጠየቅኩ። ጉልበቷን ለሚያማት ትልቅ ሰው ይመቻል ወይ? ገንዘባችንን ለመቅደሱ ጉብኝት ወይስ ለቤተ መንግሥት ሆቴሉ እናውለው? ዐቢይ ጾም ስለሆነ ምን እንበላለን? መልሱ አሁን ከሠላሳ አልፏል። ሁሉንም አልዘረዝርም። ሲሶው ለመከታተል ነጥብ ብቻ አስቀምጦ ያለፈ ነው።

1ኛው መልስ አህመዳባድ ከሚማር ልጅ ነው፤ ጨዋ ልጅ። መንገዱን ቁልጭ አድርጎ ነገረኝ። ከአህመዳባድ በባቡር አቡ ሮድ የሚባለው ጣቢያ ድረስ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ተራራው ግን ጣቢያው ላይ አይደለም፤ ከዚያ ወደ 28 ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ ዳገት በታክሲ ወይም በአውቶቡስ ይወጣል። ትኬቱ ቶሎ ስለሚያልቅ ቀድማችሁ ያዙ፣ አልጋ ያለው ፉርጎ ከደረሳችሁ ለእማማ የታችኛውን ጠይቁ አለ። የሚያቅለሸልሻት ከሆነ ታክሲው ውስጥ ከፊት ትቀመጥ የሚልም ጨመረ። 2ኛው እግዚአብሔር ይማራት ብሎ አለፈ። አሜን።

3ኛው ሳቀብን። ማውንት አቡ ከተማ ያለችው 1,220 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ወደዚያ ብርድ ፍለጋ ልሂድ ሲል መስማት ጉድ ነው አለ። የአራቫሊ ተራሮች ሰንሰለት ትልቁ ጫፍ ጉሩ ሺካር ራሱ 1,722 ሜትር ሲሆን ከቢሾፍቱ ያንሳል ብሎ ደመደመ። ይህቺ ብዙ ላይክ አገኘች። 4ኛው ቆፍጠን ብሎ መለሰለት፦ ሴትዮዋ የሚነሱት ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከአህመዳባድ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሚያዝያ ላይ 40 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። ራጃስታን ባጠቃላይ በረሃ የሚበዛበት ግዛት ነው፤ ሰዉ ይህን ተራራ የሙጥኝ ያለው ሌላ ስለሌለው ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ደግሞ ውርጭ ይጥላል፣ የቆመ መኪና ጣሪያ ላይ በረዶ ይጋገራል አለ። ቁጥሩ የ3ኛው ልክ ነው፤ ላብ የሚያጠምቀን ግን እኛን ስለሆነ እኔ ለ4ኛው አደላሁ።

5ኛው ስለ ወረቀት ነው፤ ለብቻው ተለጥፎ ቢቀመጥ ይገባዋል። ህንድ ውስጥ ማንኛውም ማረፊያ የውጭ አገር ሰው ሲያሳድር ፎርም ሲ ሲባል የኖረውን ቅጽ ሞልቶ ለባለሥልጣን በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ይህን ጣጣ የማይፈልጉ ትናንሽ ማረፊያዎች ፓስፖርት ሲያዩ ክፍል የለም ይላሉ። ስለዚህ ከመያዛችሁ በፊት ደውላችሁ የውጭ ዜጋ ትቀበላላችሁ ወይ በሉ፤ የፓስፖርትና የቪዛ ኮፒም በርከት አድርጋችሁ ያዙ የሚል ነው። 6ኛው ይኸው ደርሶበት በሌሊት ሻንጣ እየጎተተ ሲዞር ማደሩን መሰከረ።

ከዚያ ወሬው ወደ ሆቴሉ ዞረ። 7ኛዋ ታሪክ አስተማሪ ትመስላለች፤ ጽሑፏ ረጅም ቢሆንም አይሰለችም። እንግሊዞች አካባቢውን ተራራው ካለበት ከሲሮሂ ግዛት ገዥ በኪራይ ወስደው ለራጅፑታና (የዛሬዋ ራጃስታን) ግዛቶች የተሾመው ወኪላቸው በጋውን የሚያሳልፍበት ቦታ አደረጉት። ወኪሉ እዚያ ከከረመ መሳፍንቱስ ለምን ይቀሩ? ከሹሙ ደጅ ላለመራቅ እያንዳንዱ ተራራው ላይ የበጋ ቤት ሠራ። የቢካኔር ማሃራጃ ያሠራው በ1893 (ዓመቱ ሁሉ እዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የተጠናቀቀ ሲሆን ንድፉ የስዊንተን ጃኮብ የሚባለው እንግሊዛዊ መኮንን ነው። የጃይፑር ገዥ ቤትም ከናኪ ሐይቅ በላይ ኮረብታ ላይ ተቀምጦ ከተማውን ቁልቁል ያያል። ሁለቱም ዛሬ ሆቴል ናቸው። ሕንድ ነፃ ስትወጣ መሳፍንቱ ግዛታቸውን አስረክበው ከመንግሥት ዓመታዊ አበል ይቆረጥላቸው ነበር። በ1971 አበሉም ማዕረጉም በሕግ ተሻረ። ጣሪያው የሚያፈስ መቶ ክፍል ቤት፣ ደመወዝ የሚጠብቅ አሽከር፣ አበል የለም። ያኔ ብዙዎቹ እንግዳ ማሳደር ጀመሩ። የ7ኛዋ ሐሳብ ባጭሩ፦ እዚያ የምትከፍሉት ለአልጋው ሳይሆን ለታሪኩ ነው።

8ኛው ይህን ሲያነብ ደሙ ፈላ። ታሪክ አይታጠቡበትም አለ። ስሙን ባልጠቀሰው አንድ የመሳፍንት ቤት አድሮ ሙቅ ውሃ የሚመጣው ጠዋት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር። አልጋው በተገላበጠ ቁጥር ይጮሃል። በዚያ ላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የነብር ራስ ከነጥርሱ ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሲያፈጥበት አደረ። ልጁ አልቅሳ ነብሩን በፎጣ ሸፍነው ተኙ። ይህን ስናነብ ከእህቴ ጋር ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ ሰውዬው ግን የምሩን ነው። 9ኛው አሮጌ ቤት ገብተህ አዲስ ቧንቧ ትፈልጋለህ ወይ ብሎ ቆጣ አለበት። 8ኛውም ዋጋው አሮጌ ቢሆን ኖሮ አልናገርም ነበር ብሎ መለሰ። ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ፤ እኔ በበኩሌ የመጨረሻዋ መልስ ጣፍጣኛለች።

10ኛው ነገሩን አበረደው። የህንድ ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ቅርስ ሆቴል ብሎ ደረጃ የሚሰጠው ከ1950 በፊት ለተሠራ ቤት ሲሆን ውስጡም ደረጃ አለው።   ስለዚህ ማስታወቂያ ላይ ቅርስ የሚል ቃል ያየ ሁሉ ቤተ መንግሥት አይደለምና ዓመተ ምሕረቱን ጠይቁ አለ። 11ኛዋ ደግሞ ለእኛ የሚሆነውን ምክር ሰጠች፦ ማደሪያችሁን ከሐይቁ አጠገብ ምድር ቤት ያለው ተራ ሆቴል አድርጉት፤ ቤተ መንግሥቱን ለማየት አስቀድማችሁ ደውላችሁ የሚፈቅዱ ከሆነ ለምሳ ወይም ለሻይ ግቡ። አዳራሹንና የአትክልት ቦታውን ታያላችሁ፣ እማማም ደረጃ አይወጡም። ይህን ስክሪን ሾት አደረግኩት።

ስለ መቅደሱ የተጻፈው ግን ልቤን ወሰደው። 12ኛው ዲልዋራ የሚባሉት አምስት መቅደሶች ከከተማው ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል እንደሚርቁ ጻፈ። ጠዋት የሚገባው ለጸሎት የሚመጣ የጃይን ምእመን ብቻ ነው። ጎብኚ ከቀትር 6 ሰዓት በኋላ እስከ ምሽት 12 ሰዓት ይገባል። በማለዳ ሄዳችሁ ፀሐይ ላይ እንዳትቆሙ አለ። 13ኛዋ ጨመረች፦ ጫማ ይወለቃል፣ ቀበቶም ቦርሳም ቆዳ ከሆነ ውጭ ይቀራል፣ ስልክና ካሜራ አይገባም። ቆዳ የሚከለከለው ጃይኖች ነፍስ ያለው ፍጡር መግደልን አጥብቀው ስለሚጠየፉ ነው። ቀትር ላይ ንጣፉ ስለሚያቃጥል ለእማማ ወፍራም የጥጥ ካልሲ ያዙላቸው አለች። እንዲህ ዓይነት መካሪ አያሳጣኝ።

14ኛው ሥነ ሕንፃ የተማረ ነው። ከውጭ ሲታይ ምንም እንደማይመስል አስጠነቀቀ፤ ተራ አጥር፣ ተራ ጉልላት፣ ዛፍ። ብዙ ሰው ይህ ነው እንዴ ብሎ በሩ ላይ ይጉረመርማል። ከውስጥ ግን ሌላ ዓለም ነው። የመጀመሪያው ቪማል ቫሳሂ በ1031 የተሠራ ሲሆን ያሠራው የጉጃራት ንጉሥ የአንደኛ ቢማ ሹም ቪማል ሻህ ነው። ሁለተኛውን ሉና ቫሳሂን ደግሞ በ1230 ቫስቱፓላና ቴጃፓላ የሚባሉ ወንድማማቾች፣ እነሱም ሹሞች፣ አሠሩት። ነጩ እብነ በረድ ከአምባጂ አካባቢ ተቆርጦ ዳገቱን የወጣ ነው። በ11ኛው መቶ ዘመን ያለ መኪና እንዴት እንደወጣ አስቡት አለ። የመጀመሪያው አዳራሽ ጉልላት ላይ 16 የጥበብ አማልክት ዙሪያውን ቆመዋል። ሁለተኛው መቅደስ ውስጥ ከጣሪያው መሃል የተገለበጠ የሎተስ አበባ ተንጠልጥሏል። ቅጠሉ ከመሳሳቱ የተነሳ ብርሃን ያሳልፋል። አንገታችሁን ስለሚያማችሁ በየመሃሉ ዕረፉ፤ ለመቅደሱ ብቻ ከሰዓቱን ሙሉ ስጡት የሚል ነው ምክሩ።

15ኛው አስጎብኚ የነገረውን ይዞ መጣ፦ ጠራቢዎቹ የሚከፈላቸው ባራገፉት የእብነ በረድ ብናኝ ልክ ተመዝኖ በወርቅ ነበር። 16ኛዋ ይህ የአስጎብኚ ወግ እንጂ የተጻፈ ማስረጃ አይደለም አለችው። ከዚያ ራሷ ሌላ ወግ ነገረችን። ሉና ቫሳሂ ውስጥ ትይዩ የቆሙ ሁለት ያጌጡ የምስል ማስቀመጫዎች አሉ፤ የሁለቱ ወንድማማቾች ሚስቶች ተፎካክረው አሠሩዋቸው ይባላል። አንዷ ከሌላዋ እንዳታንስ ተብሎ ሁለቱም እኩል ተደረጉ። እውነት ይሁን ወግ፣ እናቴ ይህን ስነግራት የመጀመሪያ ጥያቄዋ የማን አምሮ እንደታየ ነበር።

17ኛው ዲልዋራን ከላሊበላ ጋር ማወዳደር ጀመረ፤ ይኸኔ ገባኝ ጠብ እንደመጣ። 1031 ማለት ከንጉሥ ላሊበላ መቶ ዓመት በላይ ይቀድማል ብሎ ጻፈ፤ ሁለተኛው መቅደስ ደግሞ ለላሊበላ ዘመን ቅርብ ነው። እሱ እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። የእኛን የሚያደንቅ ሰው ይህን ቢያይ አፉን ይይዛል ብሎ ጨመረበት። 18ኛው ቱግ አለ። ድንጋይ ተሸክሞ መደርደርና አንድ ቋጥኝ ከላይ ወደ ታች ፈልፍሎ ማውጣት አንድ ነው ወይ? 19ኛው ነገሩን ወደ ሃይማኖት ወሰደው፦ ኦርቶዶክስ የሆነች እናት በጾም የጣዖት ቤት ምን ታደርጋለች? ልጆቿ ናችሁ የምታሳስቷት አለ፤ ማለትም እኔ። 20ኛው ካይሮ ሄደህ ፒራሚድ ስታይ ለፈርዖን ሰገድክ ወይ ብሎ መለሰለት። ከዚያ በኋላ ያለው ስድብ ስለነበር አስተዳዳሪው አጠፋው። በበኩሌ እናቴን ጠየቅኳት። የምሄደው ለማየት እንጂ ለመስገድ አይደለም፤ ማየት ደግሞ ዓይን የሰጠኝ ያውቃል አለችኝ። ጉዳዩ በእኛ ቤት ተዘጋ።

በመድረኩ ግን አልተዘጋም። 22ኛዋ በሩ አካባቢ የወር አበባ ላይ ያለች ሴት እንዳትገባ የሚል ማስታወቂያ አይታ እንደተናደደች ጻፈች። ፈረንጅ ሴቶችም ሲጨቃጨቁ ነበር አለች። 23ኛው ያገራችን ቤተ ክርስቲያን ሲከለክልሽ ያልተናደድሽው ለምን ነው አላት፤ አነጋገሩ ነገር ፍለጋ ነበር። እሷም በሁለቱም እናደዳለሁ፣ ግን በሰው ቤት የቤቱን ሕግ አከብራለሁ፣ ካልወደድኩት ውጭ ቆሜ እጠብቃለሁ አለችው። 23ኛው ወዲያው ጠፋ። ከመላሾቹ ሁሉ ይህቺን ሴት ሻይ ብጋብዛት ደስ ይለኛል።

ምግብ ላይ ሰው ሁሉ ባለሙያ ነው። 24ኛው ህንድ ጾመኛ ገነት ናት፣ አቡ ላይ ሥጋ የሌለበት ቤት ሞልቷል፣ አትጨነቁ አለ። 25ኛዋ ነርስ ናት፤ ልብ እንድንል አሳሰበችን። በህንድ አትክልት ብቻ ማለት ወተት የለውም ማለት አይደለም። የታሸገ ምግብ ላይ ያለችው አረንጓዴ ነጥብም ሥጋና እንቁላል የለበትም ማለት ብቻ ነው። ምስሩ በቅቤ ይቁላላል፣ ቂጣው ከምጣድ ሲወርድ ቅቤ ይቀባል፣ እንደ ቶፉ የሚመስለው ነጭ ነገር አይብ ነው። ቅቤ፣ ወተት፣ እርጎ፣ አይብ አንድ በአንድ ስም ጠርታችሁ አስከልክሉ። ቂጣውን ደረቁን በሉ። 26ኛው ሌላ ጉድ አመጣ፦ የጃይን ምግብ የሚባለውን ካዘዛችሁ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም ድንችም የለውም። ሥሩ ሲነቀል አፈር ውስጥ ያለው ነፍሳት እንዳይሞት ብለው ነው። ሽንኩርት የሌለው ወጥ ለሐበሻ ቅጣት ነው ብሎ ሐዘኑን ገለጸልን። እናቴ ግን ያለ ሽንኩርት እንዴት እንደሚያወፍሩት ልየው ብላለች። እሷ እንግዲህ ለመቅደሱ ሳይሆን ለወጥ ቤቱ መሄዷ ነው።

27ኛው ከርዕሱ ወጣ፤ ግን ደግ አወጣጥ ነው። አቡ ከመሄዳችሁ በፊት እዚያው አህመዳባድ መሃል ከተማ ያለውን የሲዲ ሰይድ መስጊድ እዩ፣ ያሠራው ከሐበሻ ምድር የመጣ ሰው ነው አለ። ማሊክ አምባር ይባላል ብሎ ጨመረ። 28ኛው ወዲያው አረመው። ማሊክ አምባር የነበረው ደካን በሚባለው የህንድ አምባ፣ አህመድናጋር እንጂ አህመዳባድ አይደለም፤ የሞተውም በ1626 ነው። መስጊዱን በ1572 እና 73 ገደማ ያሠራው ሲዲ ሰይድ የሚባል ሌላ ሐበሻ ሲሆን የጉጃራት ሱልጣኔት ሊወድቅ ሲል ነው። የድንጋዩ መስኮት ላይ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ዛፍ ተቀርጿል፤ የአህመዳባዱ የማኔጅመንት ተቋም አርማውን ከዚያ ነው የወሰደው። ይህን የዛፍ ቅርጽ ያየሁት ማረፊያችን አጠገብ ካለ ሆቴል በር ላይ ስለሆነ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ። ነገ ጠዋት መስጊዱን ልናይ እንሄዳለን።

ከዚህ በኋላ ያለው ዝብርቅርቅ ነው። 29ኛው ቅዳሜና እሁድ እንዳንሄድ ለመነን። አህመዳባድ ያለችባት ጉጃራት መጠጥ የተከለከለባት ግዛት ናት፤ አቡ ደግሞ ከድንበሩ ማዶ ናት። ዓርብ ማታ የሚወጣው መኪና ግማሹ ለቢራ ነው አለ። ዲዋሊ በሚባለው የህንዶች በዓል ሰሞንማ ዋጋው ጣራ ይነካል፤ እሱ እንኳ አይደርስብንም። 30ኛዋ ሐይቁ ዳር ጀልባ እንድንሳፈር፣ ጋንዲ ከሞተ በኋላ የአመዱ ከፊል በየካቲት 1948 እዚያ መበተኑን እንዳንረሳ ነገረችን። ነጭ የለበሱ ሰዎች በብዛት ካያችሁ ብራህማ ኩማሪስ የሚባለው መንፈሳዊ ማኅበር ተከታዮች ናቸው፤ ማዕከላቸው እዚያ ነው፤ ከሩቅ ሲታዩ ከእሁድ ቅዳሴ የወጣ ምእመን ይመስላሉ አለች። ወጣቶች ደግሞ ፎቶ አብረን እንነሳ እያሉ ይከቧችኋል፤ ካልፈለጋችሁ እምቢ ማለት ነውር የለውም።

31ኛው ስለ ጉልበት ነው። አርቡዳ ዴቪ የሚባለው የዋሻ መቅደስ 365 ደረጃ ስላለው ለእማማ በፍጹም አይሆንም። ጉሩ ሺካርም መኪናው ከሚያቆምበት በኋላ ደረጃ አለው። ዲልዋራ ግን ሜዳ ነው፣ ጥቂት ደረጃ ብቻ። የፀሐይ መጥለቂያው ቦታ ላይ በሰው የሚገፋ ጋሪ አለ፤ እሱ ላይ መቀመጥ ይቻላል አለ። 32ኛዋ ሰው ሰውን እንዲገፋ ማድረግ አያሳፍርም ወይ ብላ ጮኸችበት። 33ኛው የሚገፋው ሰው ልጆቹን የሚያበላው በዚያ ነው፣ ከልብሽ ከሆነ ጉርሻ ጨምሪለት አለ። አልተስማሙም። እናቴ ጋሪ ላይ እንደማትቀመጥ አስቀድማ ነግራኛለች፤ በቁመናዋ ኩሩ ናት።

እንግዲህ ሐሳቤን ላስፍር። የምንሄደው ማክሰኞ ነው፤ ሕዝቡ ሲቀንስ። የመጀመሪያውን ከሰዓት ሙሉውን ለዲልዋራ፣ ቤተ መንግሥቱን ለሻይ ብቻ። ከነብሩ ራስ ጋር አላድርም። ደረጃ ያለበት ሁሉ ይቅር።

ይህን ጽፌ ልዘጋው ስል 34ኛው መጣ፤ ያ 1ኛው ተማሪ ነው። አቡ ሮድ ጣቢያ ላይ ራብሪ የሚባል ወፍራም ጣፋጭ ወተት እንደሚሸጥ፣ በዚህ የታወቀ ጣቢያ እንደሆነ፣ ጾም ካልሆነ እንዳያመልጠን ነገረን። ቀጥሎም በሌላ መስመር ትንሽ አፍሮ ጠየቀ፦ ወደ አገር ስትመለሱ የተረፈ ሽሮ ወይም በርበሬ ካለ እዚህ ለምንኖረው ብታስቡልን። ኢንቦክስ አድርግልኝ አልኩት። ሽሮ አለ። በርበሬው አልቋል።